በእጅ የተሠራ ካምፐር በትንሽ ወጪ ማደስ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የደወላችሁት በአሜሪካ የምትኖሩ፣ ሰው በእጁ የሠራውን ካምፐር (ውስጡ የሚታደርበትን መኪና) በርካሽ ገዝታችሁ ውስጡን ማደስ የፈለጋችሁ ናችሁ። እኔ በአናጺነት የማውቀውን እነግራችኋለሁ።

*ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ያለን 1,500 ዶላር ነው። ከምን እንጀምር?*

ከጣሪያው። ሁሉም ሰው ስለ ቀለምና መጋረጃ ይጠይቀኛል፤ እኔ ሁልጊዜ መልሴ ጣሪያው ነው። ዝናብ ሲጥል ውስጥ ገብታችሁ ማዕዘኖቹንና የመስኮቶቹን ዙሪያ በእጃችሁ ዳስሱ። ወለሉን በእግራችሁ ጫን ጫን አድርጉት። የሚለሰልስ ቦታ ካለ ሥሩ ያለው እንጨት በስብሷል። በዚያ ላይ አዲስ ወለል ብታነጥፉ ገንዘባችሁን ጣላችሁት። የበሰበሰውን ቆርጣችሁ አውጡ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ፕላይውድ የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው።

ጣሪያው ላይ ተራ ሲሊኮን አትቀቡ። ሲሊኮን በነካው ቦታ ላይ ሌላ ማሸጊያ አይይዝም፤ እንደገና ሲያፈስ ትቸገራላችሁ። ለአር ቪ፣ ማለትም ለማደሪያ መኪና፣ ጣሪያ የተሠራውን ማሸጊያ ግዙ።

*ከዴንቨር፦ የግድግዳው ቡናማ ጣውላ አስጠልቶኛል። ሳልነቅል መቀባት እችላለሁ?*

ትችላለህ። ቅባቱን እጠብ፣ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ፋቀው፣ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባውን) ቀባ፣ ከዚያ ቀለሙን። ካምፐሩ በፈረንጆች ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ግን አትፋቅ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ አቧራው ለልጆች መርዝ ነው። መጀመሪያ አስመርምር። ስትቀባ አየር ማስገቢያው ክፍት ይሁን።

*ርካሽ ቁምሳጥንና መታጠቢያ ገንዳ ከየት ይገኛል?*

ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ሪስቶር የሚባሉ ሱቆች አሉት። ሰው የለገሰውን በር፣ ቁምሳጥን፣ ገንዳ በቅናሽ ይሸጣሉ። ልኬታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

*ከሲያትል፦ ብርዱ ስላስቸገረን የጣሪያውን አየር ማስገቢያ በፎም ደፈንነው። ማታ ትንሿን የጋዝ ማሞቂያ አብርተን እንተኛለን። ባለቤቴ ደግሞ ቡና በከሰል ካልሆነ አይጥመውም፤ ከሰሉ ፍም ከሆነ በኋላ ውስጥ እናስገባዋለን። ጭስ የለውም።*

እህቴ፣ ዛሬውኑ ፎሙን አውጪው። ሌላውን ከዚያ በኋላ እንነጋገር።

ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል፤ በየጊዜው እደነግጣለሁ። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው እምነት አለ፤ ጭሱ ካለቀ ከሰል አይጎዳም እንላለን። ስህተት ነው። የሚገድለው ጭሱ አይደለም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀይ ፍም ይህን ጋዝ እስኪጠፋ ድረስ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን የሚይዘውን ቦታ ይወስዳል፤ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ካምፐር ደግሞ ከአንዲት ጠባብ ክፍል አይበልጥም፤ ለመሙላት ጊዜ አይወስድም።

ማሞቂያውም ያው ነው። የሚቃጠል ነገር ሁሉ አየር ይበላል። ካርቶኑ ላይ ለቤት ውስጥ ይሆናል ቢልም መመሪያውን አንብቢው፤ አየር የሚገባበት ክፍተት ይኑር ይላል። እናንተ ግን ደፍናችሁታል። ተኝታችሁ የምታበሩት ማሞቂያ የተቃጠለውን አየር በቱቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ መሆን አለበት። ያን መግዛት ካልቻላችሁ ወፍራም ብርድ ልብስ ግዙ። መብራት ባለበት ካምፕ ከሆናችሁ ደግሞ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ፣ በተለይ ሁላችሁም አብራችሁ ካመማችሁና ውጭ ስትወጡ ከተሻላችሁ፣ ጉንፋን ነው አትበሉ። ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፣ 911 ደውሉ። ለአር ቪ የተሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ሳይኖር አንድም ሌሊት አትደሩ። ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ጀርባው ላይ ተጽፏል፤ እዩት። ጄኔሬተር ካላችሁ ቢያንስ 20 ጫማ ራቅ ይበል፣ ጭሱም ወደ መስኮት አይዙር።

ቡናውን ውጭ አፍሉት። ባለቤትሽን እኔ ነኝ ያልኩት በይው።

*ወለሉን በሴራሚክ ብናነጥፈውስ?*

አይሆንም። መኪና ይንቀጠቀጣል፣ ሴራሚክ ይሰነጠቃል፣ ክብደቱም ብዙ ነው። ቪኒል (የፕላስቲክ ወለል) አንጥፉ። መኪናው የሚችለው ክብደት ብዙ ጊዜ በሹፌሩ በር በኩል ተለጥፏል። 30 ጋሎን ውሃ ብቻውን 250 ፓውንድ ያህል እንደሆነ አስቡ። ከማንጠፋችሁ በፊትም ጣሪያው እንደማያፈስ አረጋግጡ።

*ከላስ ቬጋስ፦ ከቤት ግንባታ የተረፈኝ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። ለ12 ቮልት መብራት ልጠቀምበት?*

አትጠቀም፣ ወንድሜ። የቤት ሽቦ ውስጡ አንድ ደረቅ ዘንግ ነው፤ መንገድ ሲያንገጫግጨው ይሰበራል። ባለ ብዙ ክሩን ግዛ። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ሩቅ ካስቀመጥከው በመካከል ያለው ሽቦ ሲነካካ እሳት ይነሳል። የ120 ቮልቱን መስመር ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሺያን ተውለት።

*ከአትላንታ፦ ምድጃውን ስከፍት አልፎ አልፎ ጋዝ ይሸተኛል። ልጄ ያረጀ ምድጃ ሁሉ እንዲህ ነው ይላል።*

አባቴ፣ እንዲህ አይደለም። ሲሊንደሩን ይዝጉ፣ በርና መስኮት ይክፈቱ። ክብሪት አይጫሩ፣ ማብሪያ ማጥፊያም አይንኩ። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ሽታው ቢጠፋም አለ። ቱቦውን በራስዎ አይንኩት። ነገ ጠዋት የአር ቪ ጋዝ ባለሙያ ይጥሩ፤ እስከዚያ ሲሊንደሩ እንደተዘጋ ይቆይ።