ዋይት ባላንሱ ልክ ነበር

እሺ፣ እየቀዳሁ ነው። ጀነሬተሩ ዛሬም አብሮን አለ፣ ለምዳችሁታል።

የፋሲካው ፎቶ ነገር አልወጣልኝም። እማማ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ፣ ስልኬን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ይሄ ቀን ነው እንዴ?» አሉ። «ኧረ የትንሣኤ ሌሊት ነው እማማ፣ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። «እኔማ ነኝ። ጧፉ የታለ?»

ጧፉ እጃቸው ላይ አለ! እንደበራ! ግን ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ዋይት ባላንስ ማለት ነጩ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ ፎቶውን ለብርሃኑ ቀለም ማስተካከል ነው። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ብርቱካን ይሄዳል። የጧፍ ብርሃን 1900 ኬልቪን ገደማ ነው፣ የቀትር ፀሐይ 5500 አካባቢ። ካሜራው ለፀሐይ እንደተስተካከለ ከቆየ ጧፍ ስር ፊቱም ነጠላውም ብርቱካን ይሆናል። በሮው፣ ማለትም ቀለሙ በኋላ በሚስተካከል ጥሬ ፋይል ስለማነሳ፣ ቤት ገብቼ ቁጥሩን አወረድኩት። የፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም፣ ላይትሩም፣ ከ2000 በታች አይወርድም፣ እዚያ አደረስኩት። ነጠላው ነጭ ሆነ። ነጠላ ደግሞ ነጭ ነው። ምን ጥፋት አለው?

በነገራችን ላይ፣ ቀን ውጭ ስታነሱ ዋይት ባላንስ ከነጠላ አትውሰዱ። ዱቄት ሳሙና ውስጥ ጨርቅ የሚያነጣ ነገር አለ፤ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ተቀብሎ ሰማያዊ አድርጎ ይመልሰዋል። እሱን ነጭ ነው ካላችሁት ፎቶው ወደ ቢጫ ያደላል። ግሬይ ካርድ፣ ለዚሁ የተሠራ ግራጫ ካርድ፣ ያዙ። አዎ፣ የኔዋ ሽሮ የነካት ናት፣ ሳቁ። ሰማያዊ ድንኳን ስር ሙሽራ ማንሳት ደግሞ ራሱን የቻለ ንስሐ ነው፣ እሱን ሌላ ቀን።

ምን እያልኩ ነበር... ዓይናችንም የራሱ አውቶ ዋይት ባላንስ አለው። ግን ለጧፍ ሙሉ በሙሉ አያስተካክልም፣ ትንሽ ቢጫ ይተዋል። እማማ ሌሊቱን ሙሉ የቆሙት እዚያች ቢጫ ውስጥ ነው። እና እኔ እሷን ነው የጠረግኩት?

ግን ደግሞ ብርቱካኑን ባሳያቸው «የወፍ በሽታ ያዘኝ እንዴ?» ባሉኝ ነበር። አውቃቸዋለሁ!

አሁን ፎቶው 2800 ላይ ነው። ወይ 3000። ገና አላሳየኋቸውም። ስልኬ ደግሞ ማታ ማታ ራሱ ስክሪኑን ቢጫ ያደርጋል... ቆይ፣ ያን ቀን በርቶ ነበር እንዴ? አይ፣ ቢበራማ ይበልጥ ቢጫ ሆኖ በታያቸው። ከሰዓት ነበር። መሰለኝ። እንጃ፣ ምናልባት አትሜ...