መደበኛው ምርመራ ያላየው የዘረመል ጥፋት

የተከበራችሁ የነርቭና የአእምሮ ሐኪሞች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ታማሚ የምታስታምሙ ቤተሰቦች፣

የምናገረው ስለ ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ የዘረመል ምርምር፣ በተለይም የቤልጂየም ተወላጇ ተመራማሪ ሮዛ ራደማከርስ ስለተሳተፈችባቸው ሁለት ግኝቶች ነው። በተለይ ሁለተኛው ዛሬም ሐኪም የምርመራ ወረቀት በሚሞላበት ሰዓት የሚያስፈልግ ነገር ያስተምራል።

በሽታው በግንባርና በጆሮ ግንድ በኩል ያለውን የአንጎል ክፍል ያመነምናል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ45 እስከ 65 ባለው ዕድሜ ነው። በአብዛኛው መጀመሪያ ላይ ትውስታ አይነካም። ጨዋ የነበረው ሰው ይሉኝታ ያጣል፤ ልጁ ታሞ ሲተኛ ደንታ አይሰጠውም፤ ጣፋጭ ያለ ልክ ይበላል፤ ገንዘቡን ለማያውቀው ሰው ይበትናል። በሌላው ዓይነት ደግሞ የቃላት ትርጉም ይጠፋል፦ «ማንኪያ አቀብለኝ» ሲሉት «ማንኪያ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የትናንቱን ውሎና የቤቱን መንገድ ግን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ነገሩ ለሽማግሌ የሚቀርብ የትዳር ጠብ ሊመስል ይችላል። ሕመም ነው፤ ጸባይ አይደለም።

አርኖልድ ፒክ በፕራግ የመጀመሪያውን ታማሚ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1892 ነበር። መንስኤው መገለጥ የጀመረው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1998 በክሮሞዞም 17 ላይ ያለው የታው ፕሮቲን ዘረመል በአንዳንድ ቤተሰቦች ተበላሽቶ ተገኘ። ሌሎች ቤተሰቦች ግን በሽታቸው ከዚያው ክሮሞዞም ጋር እየተያያዘ፣ የታው ዘረመላቸው ጤነኛ ነበር፤ አንጎላቸው ውስጥም የታው ክምችት አልነበረም። በ2006 ራደማከርስ ያለችበት፣ በጃክሰንቪል ፍሎሪዳ የሚገኘው የማዮ ክሊኒክ ቡድንና የአንትወርፕ ቡድን መልሱን አገኙ። ከታው ዘረመል 1.7 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደል ርቆ ፕሮግራኑሊን የተባለ ሌላ ዘረመል ነበር። ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ ሲበላሽ የፕሮቲኑ መጠን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ቅነሳው ከደም ናሙና ሊለካ ይችላል። በዚያው ዓመት ማኑዌላ ኖይማንና ባልደረቦቿ በእነዚህ አንጎሎች ውስጥ የሚከማቸው ቲዲፒ-43 የተባለ ፕሮቲን መሆኑን አሳዩ። ያው ፕሮቲን ጡንቻ በሚያሰልለው ኤኤልኤስ በተባለው በሽታም ይከማቻል። ቲዲፒ-43 ቦታው የህዋሱ እምብርት (ኑክሊየስ) ነው፤ ከዚያ ወጥቶ ሲረጋ በክምችቱ ጉዳት ያደርሳል ተብሎ ይታሰባል፤ ከዚያም በላይ የዘረመል መልእክት በትክክል እንዲገጣጠም የሚያደርገው ሥራው ይጎድላል።

ሁለቱም በሽታዎች የሚታዩባቸው ቤተሰቦች ወደ ክሮሞዞም 9 አመለከቱ። ተመራማሪዎች ፕሮቲን የሚሠሩትን የዘረመል ክፍሎች ሁሉ አነበቡ፤ ምንም አልተገኘም። የራደማከርስ ቡድን፣ ማሪዬሊ ዴሄሱስ-ኤርናንዴስ በግንባር ቀደምነት፣ ፕሮቲን በማይሠራው ክፍል ያለውን ጂጂጂጂሲሲ የተባለ ባለ ስድስት ፊደል ድግግሞሽ፣ ዲኤንኤን አባዝቶ በሚያሳየው ፒሲአር በተባለ ዘዴ መለካት ጀመረ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሁላችንም ከእናትና ከአባት የወረስነው ሁለት ቅጂ አለን። ርዝመታቸው ከተለያየ ግራፉ ሁለት ጉብታ ያሳያል፤ እኩል ከሆኑ አንድ። ቡድኑ በመረመረው አንድ ቤተሰብ ውስጥ የታመሙት ሁሉ አንድ ጉብታ ብቻ አወጡ። ለምሳሌ የታመመው ወላጅ ሁለቱም ቅጂው ባለ 8 ድግግሞሽ መስሎ ሲታይ፣ የታመመው ልጅ ባለ 2 ብቻ ይሆናል። ልጁ ከዚያ ወላጅ ምንም ያልወረሰ መሰለ፤ ይህ ደግሞ ሊሆን አይችልም። ያላቸው ትርጓሜ አንድ ነው፦ የታመመው ቅጂ አለ፣ ግን ከመርዘሙና በጂና በሲ ከመሞላቱ የተነሳ ፒሲአሩ ሊያባዛው አልቻለም። የተባዛው አጭሩና ጤነኛው ብቻ ነበር።

ከዚያ አንዱ መነሻ ቁራጭ ድግግሞሹ መካከል የትም ቦታ እንዲያርፍ አድርገው ሌላ ዓይነት ፒሲአር ሠሩ። ጉብታዎቹ በየስድስት ፊደሉ የተደረደሩ፣ ቁመታቸው ቀስ እያለ የሚያንስ፣ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ግራፍ ወጣ። ርዝመቱን ለማወቅ ደግሞ የዲኤንኤ ቁራጮችን በርዝመታቸው የሚለየውን ሳውዘርን ብሎት የተባለ ዘዴ ተጠቀሙ፤ ይህ ብዙና ያልተቆራረጠ ዲኤንኤ ይፈልጋል። ድግግሞሹ ከ700 እስከ 1,600 ሆነ። ጤነኞቹ ሰዎች ከ23 አላለፉም ነበር። በ2011 የብራያን ትሬይነር ቡድንም ይህንኑ በተመሳሳይ ጊዜ አሳተመ። ዘረመሉ ሲ9ኦርፍ72 ይባላል። በማዮ ናሙና ውስጥ በቤተሰብ ከሚወርዱት መካከል 11.7 በመቶውን የፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያና 23.5 በመቶውን የኤኤልኤስ ሕመም አስረዳ።

ተግባራዊው ትምህርት እነሆ። ዲኤንኤውን በአጭር በአጭር ቁራጭ የሚያነብ የብዙ ዘረመሎች ጥቅል ምርመራ ይህን ድግግሞሽ ያመልጠዋል። ውጤቱ «ምንም አልተገኘም» ቢልም፣ የሲ9ኦርፍ72 ምርመራ ለብቻው ካልተጠየቀ ነጻ ነው ማለት አይቻልም። በምርመራው ማዘዣ ላይ የቤተሰቡን ታሪክ ስትጽፉ የመርሳት ሕመምን ብቻ አትጠይቁ፤ እጁ የሰለለ፣ መዋጥ ያቃተው፣ በጎልማሳነቱ የጸባይ ለውጥ ያሳየ ዘመድ ካለ አስፍሩ። ሌላው ጥንቃቄ፦ የድግግሞሹ ርዝመት በደምና በአንጎል ይለያያል፤ ስለዚህ ከደም የተገኘ ቁጥር ሕመሙ መቼ እንደሚጀምር አይተነብይም። የመጀመሪያዎቹ ግኝቶች አብዛኛው መረጃ የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች መሆኑም እዚህ መጠቀስ ይገባዋል፤ ለኢትዮጵያውያን ታማሚዎች የተገኘውን መቶኛ እንዳለ መገልበጥ ስሕተት ነው።

ስለ ሕክምናው በግልጽ መናገር ግዴታ ነው። ፕሮግራኑሊንን ከፍ እንዲያደርግ የተሠራው ላቶዚኔማብ በ2025 በወጣው የመጨረሻ ደረጃ ሙከራ ውጤት የፕሮቲኑን መጠን ጨምሯል፤ በሽታውን ግን አላዘገየም። ዛሬ የምንሰጠው ለምልክቱ ነው። የድብርት መድኃኒቶች የሆኑት ኤስኤስአርአይዎች ግልፍተኝነትንና የመብላት አባዜን ሊያረግቡ ይችላሉ። ለአልዛይመር የሚሰጠው ዶኔፔዚል እዚህ አይጠቅምም፤ አንዳንዱን ያባብሳል። የሳይኮሲስ መድኃኒቶች ሰውነትን ሊያገትሩ ስለሚችሉ በትንሽ መጠንና በክትትል ብቻ ይሰጡ። በቤት በኩል የባንክ ደብተሩና የመኪናው ቁልፍ ቀድሞ ቢያዝ፣ ጣፋጩ ቢቆለፍ፣ ክርክር ከመግጠም ይልቅ ሐሳቡን ወደ ሌላ ነገር ማዞር ይሻላል።

የተሸካሚ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ጤነኛ የሆነ ልጅ መመርመር የሚገባው ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ፣ በራሱ ፈቃድና ከዘረመል ምክር ጋር ነው። ማንም ሊያስገድደው አይገባም፤ አላውቅም ብሎ መኖርም መብቱ ነው። ለዚያ ምርመራ መነሻ የሚሆነው ግን የታማሚው ዲኤንኤ ነው። ስለዚህ እናት ወይም አባት በሕይወት ሳሉ፣ በፈቃዳቸው ወይም በሕጋዊ ወኪላቸው ስምምነት፣ ደም ተወስዶ ዲኤንኤው እንዲቀመጥ ዛሬውኑ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

አመሰግናለሁ።