ከለገሃር ወደ ላይ፦ ክንድ ማዋስ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። ዛሬ ከዓይነ ስውር ጋር መሃል ከተማ ስለ መሄድ ላውራ። ስለ አጃቢው ማለቴ ነው፤ አብዛኛው ችግር የሚጀምረው ከእሱ ነዋ።

ደግ ሰው ሊያሻግር ይመጣና በትር የያዘውን እጅ ጨምድዶ ይጎትታል። በትሩ መሬቱን ማንበቢያ ነው፤ እሱ ከተያዘ ምን ቀረ? ያዡ መሆን ያለበት ዓይነ ስውሩ ነው። በነፃ እጁ የአጃቢውን ክንድ ከክርኑ ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ አጃቢው ግማሽ እርምጃ ይቀድማል። ያኔ መውረዱንም መታጠፉንም ክንዱ ቀድሞ ይናገራል። ሊስትሮና የመንገድ ላይ ሻጭ መንገዱን ሲያጠበው አጃቢው ክንዱን ወደ ጀርባው ያዞራል፣ ሌላው ከኋላው ይከተላል።

«ተጠንቀቅ!» ማለት ምንም አይጠቅም። ከምን? «ቁም፣ ክዳን የሌለው ቱቦ አለ፣ በቀኝ እንለፈው» ይባላል እንጂ። ዳገትና ቁልቁለትም መረጃ ነው፦ ቸርችል ጎዳና ላይ ወደ ማዘጋጃ ቤት ዳገት፣ ወደ ለገሃር ቁልቁለት ነው። አቅጣጫ የጠፋበት እግሩን ይጠይቅ። በእግርና በበትር የሚዳሰስ ብጫ ንጣፍ ባለበት እግረኛ መንገድ ረጃጅሙ መስመር ሂድ፣ ነጠብጣቡ ቁም ማለት ነው፤ ሞተር ሳይክል ካላቆሙበት።

ሚኒባስ በር ላይ ግን ሁሉም ነገር ይበላሻል። አጃቢው ከብብት ያነሳል፣ ወያላው ይገፋል፣ ግንባር ከጣሪያው ጠርዝ ጋር ይላተማል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንድ እጁን የበሩ የላይኛው ጠርዝ ላይ፣ ሌላውን የወንበር መደገፊያ ላይ ማስያዝ፣ ከዚያ «ባዶው ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ ጋ ነው» ማለት። ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል። በትሩ ታጥፎ ጭን ላይ ይሁን፤ መተላለፊያው ላይ ከተዘረጋ ይረገጣል። ወያላው «የት ነው የሚወርደው?» ብሎ አጃቢውን ከጠየቀ፣ አጃቢው ዝም ይበል። ባለቤቱ አፍ አለው፤ ሒሳቡን ራሱ ይከፍላል፣ መልሱንም ራሱ ይቀበላል።

ደግሞ ካርድ ልግዛ ብሎ ሰውን ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ አለ። ግድግዳ ወይም ምሰሶ ጋ አቁሞ፣ እጁን አስነክቶ፣ «መጣሁ» ብሎ መሄድ ነው። ሲመለስ ስሙን ይናገር። «እስቲ ማን ነኝ? በድምፄ ለየኝ» የምትሉም፣ በእናንተ ሞት፣ ተዉት፤ ታክሲ ተራ ጫጫታ ውስጥ ማንም ማንንም አይለይም።