በማሪን ጦር መነሻ ቀን ተጣልተን ከረምን

የተከበራችሁ የቀድሞው ባህር ኃይል ባልደረቦች ማህበራችን አባላት፣ እንግዶቻችን፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። አዳራሹን በነፃ ለሰጡን፣ ቡናውን ላሰናዱልን እህቶች እግዚአብሔር ይስጥልን። ዘንድሮ የሁለት አባሎቻችንን ልጆች የትምህርት ወጪ ችለናል፣ የታመሙትን ጠይቀናል። እኔ በዚህ ኮርቻለሁ።

አሁን ዓመቱን ሙሉ ወዳንገበገበኝ ጉዳይ ልግባ። መጽሔታችን አልታተመም። ምክንያቱም የመክፈቻው ጽሑፍ፣ የማሪን ጦር፣ ማለትም በመርከብ ላይ ሆኖም ወደ ባህር ዳር ወርዶም የሚዋጋው የባህር ወታደር፣ አጀማመር፣ ለሁለት ከፍሎናል።

አንዱ ወገን ጀማሪዋ ስፔን ናት ይላል፤ ንጉሥ ካርሎስ በ1537 እ.ኤ.አ. በስፔን ሥር የነበረችውን የጣሊያን ከተማ የኔፕልስን የባህር ሻምበል ጦሮች በመቅዘፊያ በሚነዱ መርከቦቹ ላይ በቋሚነት መድቧል። ሌላው የለም፣ እንግሊዝ ናት ይላል፤ በ1664 ለመርከቦቿ የሚከፋፈሉ 1,200 ወታደሮች እንዲመለመሉ ታዟል። ሆላንዶችም በዓመቱ የራሳቸውን አቋቁመዋል፤ በ1667 ሜድዌይ ወንዝ ድረስ ገብተው የእንግሊዝን መርከቦች ሲያቃጥሉ ማሪኖቻቸው አብረው ነበሩ። ሁሉም እውነት ነው። ታዲያ በዚህ ስድስት ወር ሙሉ መኮራረፍ ያስፈልግ ነበር?

እኔ ሐሳቤን በኮሚቴ ተናግሬያለሁ፣ ዛሬም እደግመዋለሁ። ጽሑፉ መያዝ ያለበት ማን ቀደመ የሚለውን ብቻ አይደለም። ያ የ1664ቱ የእንግሊዝ ክፍለ ጦር በ1689 ተበትኗል። ከዚያ በኋላም ጦርነት ሲመጣ ይመለምላሉ፣ ሰላም ሲሆን ወጪው በዛ ብለው ያሰናብታሉ፣ ይህ እስከ 1755 ቀጠለ። በዚያ ዓመት 50 ሻምበል ጦር በባህር ኃይሉ አስተዳደር ሥር ሆኖ በእንግሊዝ የወደብ ከተሞች በቻተም፣ በፖርትስመዝና በፕሊመዝ ሰፈረ፤ ከዚያ ወዲህ አልተበተነም። አሜሪካኖችም እንዲሁ ናቸው። በኖቬምበር 1775 ፊላደልፊያ ላይ ሁለት ሻለቃ እንዲቋቋም ወሰኑ፣ በተከታዩ ዓመት ማርች ባሩድ ፍለጋ ባሃማስ ናሶ ላይ አረፉ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ኃይሉ ፈረሰ። እንደገና የቆመው በ1798 ነው።

ይህን ታሪክ ከእኛ በላይ ማን ይረዳዋል? ምፅዋ ላይ የሠለጠንን ሰዎች ነን። ኤርትራ ከተለየች በኋላ ባህር ኃይላችን ሲፈርስ ዩኒፎርማችንን አጣጥፈን ሻንጣ ውስጥ የከተትን ነን። ኃይል መመልመል አንድ ነገር ነው፣ በሰላም ጊዜ ደመወዝ እየከፈሉ ማቆየት ሌላ። መጽሔቱ ላይ ማንበብ የምፈልገው ይህንን ነው፣ ልጆቻችንም እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

ለማተሚያ ቤት የሚከፈለው ገንዘብ ግን የለም። ከግማሽ በላይ አባል መዋጮ አልከፈለም። የዛሬዎቹን ባዶ ወንበሮች ታያላችሁ። በክርክሩ ሰሞን ሌሊት ሁሉ ይደውሉልኝ የነበሩት ወንድሞቼ ዛሬ የሉም፣ ይህ በጣም አሳዝኖኛል። የሆላንዱን ክፍል ለመጻፍ ቃል ገብቶ ረቂቁን እንደያዘ የቀረ ወንድማችንም አለ። ጎረቤቱ የሆናችሁ እዚህ ተቀምጣችኋል፤ እባካችሁ ዛሬ ማታ በሩን አንኳኩና ወረቀቱን አምጡልኝ። የቀረውን እኔ ራሴ እጨርሰዋለሁ።

አሁን ሂሳብ ያዡ ይቀጥሉ።