ማህተሙ አለ፣ ቀኑ የለም

እንደምን አመሻችሁ። ከጅማ ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፄ ቢሸፈን ይቅርታ አድርጉልኝ።

ባለፈው ሳምንት ቤት ውስጥ ያለውን ጄሪካን ሁሉ ውሃ ሞላሁ። ውሃ ለሦስት ቀን እንደሚቋረጥ የሚገልጽ ማስታወቂያ በቴሌግራም ደርሶኝ ነበር፤ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ፎቶ ነው፣ ግርጌው ላይ ክብ ማህተም አለው። ወዲያው ለእህቴ፣ ለዕድራችን ቡድን፣ ለጎረቤቴ ለጋሼም ላክሁ።

ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ዓይነ ስውር ስለሆኑ ስልካቸው ጽሑፉን ድምፅ አውጥቶ ያነብላቸዋል። ማታ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ምንድን ነው የላክሽልኝ? ስልኩ ፎቶ ብሎ ዝም አለ።» አነበብኩላቸው። ስጨርስ «የስንት ቀን ነው?» አሉኝ።

ፎቶውን ወደ ላይ ወደ ታች ገፋሁት። ቀን የለውም። ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ አንድ ሰው አናቱን ቆርጦታል፤ ቀኑና የደብዳቤ ቁጥሩ ደግሞ የሚጻፉት እዚያው ነው። ማህተሙን ግን ማንም አልነካውም። በኋላ እንደሰማሁት ማስታወቂያው የአምና ነበር። ያየነው ሁላችን ማህተሙን አምነን ዝም ስንል፣ ፎቶውን ያላዩት ሰውዬ ናቸው የጠየቁት።

ድሮ ወረቀቱን ስካን አድርጎ መላክ ብልህነት ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበርና። ነገር ግን ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮችና ስልኮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው! ዛሬ በፎቶ ሳይሆን በጽሑፍ የተላከ ማስታወቂያ በፍለጋ ይገኛል፣ ይገለበጣል፣ ለጋሼም ይነበባል። ፎቶው የግድ ከሆነ እንኳ ፌስቡክ ላይ ለማያዩ ሰዎች መግለጫ የሚጻፍበት ቦታ አለ።

ፎቶ ጠላሁ ማለቴ አይደለም። ጎርፍ መንገድ ሲቆርጥ አንድ ፎቶ ከአንድ ገጽ ደብዳቤ ይበልጣል። የስብሰባ ፎቶ ነው የሚያናድደኝ፦ ሃያ ምስል፣ የታሸገ ውሃ የተደረደረበት ጠረጴዛ፣ ምን እንደተወሰነ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር የለችም። ለማንኛውም ዝግጅት የሚለጠፈውን የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፎቶማ ተዉት።

ትናንት ጋሼ «ያ ሁሉ ውሃ ምን ሆነ?» አሉኝ። ልብስ አጠብኩበት። ዝናቡ ግን አላደርቅ ብሎኛል።