ልጁ ከክፍል ሲቀር ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል?

ሰላም፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ርዕስ የትምህርት ቤት ገንዘብ ነው። ደረቅ ይመስላል፤ ካሊፎርኒያ ልጅ ለምታሳድጉ ግን በቀጥታ ይነካችኋል።

ዳዊት፦ ምኑ ነው ደረቁ? እሳት አለበት፣ ፍርሃት አለበት፣ ገና አለበት።

ሰላም፦ ገና ደግሞ ከየት መጣ?

ዳዊት፦ እንደርስበታለን። ካሊፎርኒያ ለትምህርት ቤቶች የምትከፍለው በተመዘገበ ልጅ ልክ አይደለም። በአማካይ በቀን ስንት ልጅ ክፍል ገባ ተብሎ ነው የሚሰላው። ቴክሳስም እንደዚሁ ናት። አብዛኞቹ ግዛቶች ግን ምዝገባን ነው የሚያዩት።

ሰላም፦ ልጄ ታማ ስትቀር ትምህርት ቤቷ ገንዘብ ያጣል ማለት ነው?

ዳዊት፦ አዎ። ድሮ የፈቃድ ወረቀት ከመጣ እንደተገኘች ይቆጠር ነበር። በ1998 አካባቢ ያ አሠራር ቀረ። አሁን ወረቀቱ እሷን ከመጠየቅ ያድናታል እንጂ ለዲስትሪክቱ፣ ማለትም የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች ለሚያስተዳድረው አካል፣ አንድ ዶላር አያስገባም። ገናም እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ጃንዋሪ 7 ልጃችሁን ቤተ ክርስቲያን ብትወስዱት፣ የሃይማኖት በዓል ነውና ፈቃድ አለው። ክፍያው ግን የለም።

ሰላም፦ የመምህሩ ደሞዝ ግን ያው፣ መብራቱ ያው፣ አውቶቡሱ ያው።

ዳዊት፦ ችግሩ እሱ ነው። ሦስት ልጅ ስለቀረ ወጪው አይቀንስም። አሁን ደግሞ ከተማው በሙሉ ሲቀር አስቢው። ኖቬምበር 8 ቀን 2018 ፓራዳይዝ የምትባል ከተማ ተቃጠለች። 85 ሰው ሞተ፣ ከ18,000 በላይ ቤትና ሕንፃ ወደመ። ተማሪዎቹ በየዘመዱ ቤት ተበተኑ። በተራው ቀመር ብትሄጂ ዲስትሪክቱ በጣም በሚቸገርበት ሰዓት ገንዘቡ ይሸሸዋል።

ሰላም፦ የሎስ አንጀለሱም አለ። እሳቱ የተነሳው ልክ በገና ቀን ነበር፣ ጃንዋሪ 7፣ 2025። ጠዋት ፓሊሴድስ፣ ማታ አልታዴና። የሎስ አንጀለስ ዲስትሪክት ጃንዋሪ 9 እና 10 ሁሉንም ትምህርት ቤቶች ዘጋ።

ዳዊት፦ ለእንዲህ ያለው ቀን አንድ ቅጽ አለ፤ ጄ-13ኤ ይባላል። እሳት፣ ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ወረርሽኝ ሲመጣ ዲስትሪክቱ ይሞላዋል። የቦርዱ አባላት አብላጫ በመሐላ ይፈርማሉ፣ የካውንቲው የትምህርት ኃላፊ ያጸድቃል፣ ከዚያ ሳክራሜንቶ ወዳለው የግዛቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ተቀባይነት ካገኘ ልጆቹ እንደወትሮው እንደመጡ ተደርጎ ይሰላል።

ሰላም፦ መምህራን ሥራ ማቆም አድማ ቢመቱስ?

ዳዊት፦ እሱን አይሸፍንም። በ2019 የሎስ አንጀለስ መምህራን 6 የትምህርት ቀን አድማ ላይ ነበሩ። ያን ጊዜ የቀረ ልጅ በቃ ቀረ ነው።

ሰላም፦ ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ ልጆቹ ብቻ ሲቀሩስ?

ዳዊት፦ ወሳኙ ጥያቄ ይሄ ነው። ያኔ መለኪያው 90 በመቶ ነው፤ የመጡት ልጆች ከወትሮው 90 በመቶ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለባቸው። በደህናው ጊዜ 500 ልጅ የሚገባበት ትምህርት ቤት ውስጥ 440 ከገባ 88 በመቶ ነው፤ ማመልከት ይቻላል። 460 ከገባ ግን 92 በመቶ ነው። የ40 ልጅ ገንዘብ ቀረ።

ሰላም፦ እንዴ! 40 ልጅ እኮ ከአንድ ክፍል በላይ ነው።

ዳዊት፦ እኔን የሚያሳስበኝም ይሄ ነው። ሕጉ የሚያየው ትልቁን አደጋ ነው፤ ቀስ እያለ የሚያፈሰውን አያይም። በ2025 መጀመሪያ ሴንትራል ቫሊ በሚባለው የካሊፎርኒያ የእርሻ አካባቢ የኢሚግሬሽን አሰሳ ነበር። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ቶማስ ዲ አምስት ዲስትሪክቶችን አጥንቶ መቅረት 22 በመቶ መጨመሩን አገኘ። ብዙ ነው፣ አይደል? ግን ከመቶ 7 ልጅ ይቀር ከነበረ 22 በመቶ ሲጨምር ከ8 ተኩል ትንሽ ያልፋል። ክፍሉ አሁንም ከ90 በላይ ነው።

ሰላም፦ ወላጅ ፈርቶ ልጁን ቤት አስቀረ፣ ሒሳቡ ግን ምንም እንዳልሆነ ያያል።

ዳዊት፦ በትክክል።

ሰላም፦ ታዲያ በምዝገባ ብቻ መክፈል አይሻልም? ኢትዮጵያም እኮ ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ድጎማ በተመዘገበ ተማሪ ቁጥር ነው የሚታሰበው።

ዳዊት፦ ልቤ ወደዚያ ነው። ካሊፎርኒያ ድሃ ልጆችና እንግሊዝኛ እየተማሩ ያሉ ልጆች ላሉበት ትምህርት ቤት ተጨማሪ ትሰጣለች። በብዛት የሚቀሩት ግን እነዚሁ ናቸው። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ ነው።

ሰላም፦ እኔ አልስማማም። ገንዘቡ ከመገኘት ጋር ስለተያያዘ ነው ትምህርት ቤቱ ልጄ የት ናት ብሎ የሚደውለው። በምዝገባ ቢሆን ማን ይፈልጋታል?

ዳዊት፦ በሌሎቹ ግዛቶችም እኮ ይደውላሉ።

ሰላም፦ ይደውሉ ይሆናል። ገንዘብ ሲኖርበት ግን ቶሎ ይደውላሉ።

ዳዊት፦ እሺ፣ ይሁንልሽ። ለማንኛውም ከ2022 ወዲህ ትንሽ መከታ አለ። ዲስትሪክቶች ክፍል የገቡት ልጆች ቁጥር የዘንድሮው፣ ያምናው ወይም ያለፉት ሦስት ዓመታት አማካይ ታይቶ በሚበልጠው ይከፈላቸዋል። ቻርተር ትምህርት ቤቶች፣ ማለትም በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ ግን ራሳቸውን የሚያስተዳድሩት፣ ግን ይሄ የላቸውም።

ሰላም፦ አዲስ ግዴታም መጥቷል አይደል?

ዳዊት፦ ከጁላይ 2025 ጀምሮ። ዲስትሪክቱ በጄ-13ኤ ቅጽ ለመጠቀም በአደጋ ጊዜ ትምህርት የሚቀጥልበት ዕቅድ አስቀድሞ ሊኖረው ይገባል። በ5 ቀን ውስጥ ቤተሰቡን ማግኘት፣ በ10 የትምህርት ቀን ውስጥ ትምህርት ማቅረብ። እኛ ጋ ያለው ክፍተት ደግሞ ስልክ ነው። ቁጥር ቀይረን ለትምህርት ቤቱ አንናገርም፤ የማናውቀው ቁጥር ሲደውል አናነሳም።

ሰላም፦ ኢትዮጵያ ለገናና ለጥምቀት ልጆቹን ይዞ የሚሄድ ቤተሰብስ?

ዳዊት፦ ከመሄዳችሁ በፊት ቢሮ ገብታችሁ የግል ጥናት ውል አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ወላጅ፣ ልጅና መምህር ይፈርማሉ፤ ልጁ የተሰጠውን ሥራ ሠርቶ ሲያስረክብ እንደተገኘ ይቆጠራል። ትኬት ከተቆረጠ በኋላ በዋዜማው አትሂዱ፤ መምህሩም ሥራውን ማዘጋጀት አለበት።

ሰላም፦ ዲስትሪክታችን ያን ቅጽ አስገብቶ እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ወላጅስ?

ዳዊት፦ የቦርዱን ስብሰባ አጀንዳ ድረ ገጹ ላይ ፈልጉ። ጄ-13ኤ የሚል ታገኛላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያለ ውይይት በጅምላ ከሚጸድቁት ጋር ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ጥያቄ ያላችሁ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ለመናገር ተመዝገቡ።