ከበዛብህና ከሰብለ ይልቅ ውድነሽና ቦጋለ

እንደምን ዋላችሁ፣ አባቶች እናቶች፣ እህት ወንድሞች፣ እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ፣ ስለ ፍቅር እስከ መቃብር ነው፣ እና የሚሰማኝን ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ፣ መጽሐፉን እወደዋለሁ፣ ግን ስሙን ያገኘበት የበዛብህና የሰብለ ፍቅር እንደ ሌላው ክፍል ልቤን አልያዘውም።

ልቤን የያዘው የውድነሽ በጣሙና የቦጋለ መብራቱ ነው። ሁሉም ሰው ቶሎ ቶሎ የሚያልፈው የመጀመሪያው ክፍል ማለቴ ነው። ማንኩሳ ላይ አንዲት ሴት ያገባቻቸው ባሎች እየሞቱባት ሰው ሁሉ ፈርቷት ብቻዋን ቀርታለች፣ ቤቷ ተቀጥሮ የሚያርስላት ደግሞ እድሜው የገፋ፣ የኔ የሚለው ሰው የሌለው ቦጋለ ነው፣ እና እነዚህ ሁለት ሰዎች ቀስ እያሉ ሲቀራረቡ፣ እየፈሩ እያፈሩ፣ አንድም ትልቅ ቃል ሳይወጣቸው ሲጋቡ ሳነብ ደራሲው ሰው ያውቃሉ አልኩ። ከዛ በዛብህ ይወለዳል፣ ይታመማል፣ ከዳነ ለቤተክርስቲያን ይሁን ብለው ይሳላሉ። ልጁ ሳይጠየቅ ህይወቱ ተወሰነለት ማለት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው የቄስ ልጅ ናቸው፣ ጎጃም ውስጥ የቤተክህነት ትምህርት የተማሩ፣ ለዛ ነው የስለት ክብደት እንዲህ የሚሰማው።

ዲማ ስንደርስ ግን ነገሩ ይቀየርብኛል። የሰብለ ወንጌል አባት፣ ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ፣ ዘር እየቆጠሩ ጠያቂ ሁሉ ሲመልሱ የልጃቸው የማግቢያ እድሜ አለፈ፣ በዛብህ ደግሞ ሊያስተምራት እቤታቸው ይገባል፣ ለሷ ያለኝ ሀዘን ትልቅ ነው፣ ግን እሷ ራሷ ምን እንደምታስብ፣ ምን እንደሚያናድዳት፣ በዛብህን ከመውደዷ በፊት ምን ትመኝ እንደነበር በቂ አልተነገረኝም። ሰው ሁሉ እንደ እብድ የሚያየው የቤተሰቡ ዘመድ ጉዱ ካሳ ገጽ ሙሉ ይናገራል፣ ስለ ባላባትና ስለ ጭሰኛ የሚለውን ሁሉ እወድለታለሁ፣ ግን ከሱ ንግግር ግማሹን ለሰብለ ቢሰጧት ብዬ ስንቴ ተመኘሁ! ደግሞ ይቺ ሴት እኮ ደካማ አይደለችም፣ ከአባቷ ቤት ጠፍታ አባይን ልትሻገር የተነሳች ናት።

መጨረሻው ላይ ደግሞ በጣም ነው የምናደደው። በዛብህ ከሸሸበት ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም፣ ሰብለ ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ፣ መሀል ላይ ሽፍቶች ይመቱታል፣ ልትደርስ የምትችለው ሊሞት ሲል ብቻ ነው። አለቅሳለሁ፣ ሁሌም አለቅሳለሁ፣ ግን እያለቀስኩም ይሄ አጋጣሚ ለቅሶዬን ሊያመጣ የተዘጋጀ ነው ብዬ አስባለሁ። የገደላቸው የዘር ኩራት ነው ሲለን የቆየ መጽሐፍ በመጨረሻ ሰዓት ገዳዩን ለማናውቃቸው ሽፍቶች ሰጠው፣ ፊታውራሪ ከደሙ ትንሽ ነፃ ወጡ ማለት አይደለም ወይ?

የገበሬዎቹን አመፅ ግን ማንም አይንካብኝ። መሪያቸው አበጀ በለውና ጓደኞቹ ከልማድ ውጪ የተጠየቁትን አንሰጥም ብለው ሲነሱ፣ ይሄ በ1958 ዓ.ም. በንጉሡ ዘመን፣ ያውም በመንግስት ትልቅ ቦታ ላይ በሰሩ ሰው ታተመ። ድፍረት ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ ብዙዎቻችን መጽሐፉን ያወቅነው በተዋናዩ በወጋየሁ ንጋቱ ድምጽ በሬዲዮ ነው። እሱ ሲያነበው ሰብለ ዝም ያለችበት ቦታ እንኳን የምትናገር ይመስላል፣ ትንፋሹ ይሞላላታል፣ ለብቻችሁ በዝምታ ስታነቡት ግን ክፍተቱ ይታያችኋል። እና ብዙ ሰው በመጽሐፉ ላይ ትችት ሲሰማ የሚቆጣው ያን ድምጽ የነካንበት መስሎት ይመስለኛል። እኔም ድምጹን እወዳለሁ።

አሁን ጥያቄዬን ለናንተ ልስጥ፣ በተለይ ሰብለ ሙሉ ሰው ሆና ተጽፋለች የምትሉ ካላችሁ ገጹን ከፍታችሁ አንብቡልኝ፣ ብትረቱኝ ደስ ይለኛል። አመሰግናለሁ።